ለአሥራ ሁለት ሰው የሚሆን ጠረጴዛ፦ ማንሃተን ቻይናታውን ውስጥ የቱ ቤት ለየትኛው ቡድን?

አንድ ነሐሴ አክስቴ ከአዲስ አበባ መጡ። ኒውዮርክን እናሳያቸው ተባለና አሥራ ሁለት ሆነን ከሜሪላንድ ወጣን። ምሳ ማንሃተን፣ ቻይናታውን። ቤት የመምረጡ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። እኔም ሌሊቱን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ለምግብ ቤቶቹ የተሰጠውን ኮከብ ስቆጥርና ፎቶ ሳይ አደርኩ። ፍልሰታ መሆኑን ግን ከቁም ነገር አልጻፍኩትም። «መቼም አትክልት አይጠፋም» ብዬ አለፍኩት።

ለሦስቱ ጾመኞች ፎሶሊያ አዘዝን። ሜኑው ላይ አትክልት ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው። መጣ። በዘይት ተጠብሶ ቆዳው ሽብሽብ ብሏል፣ ያብረቀርቃል፣ ላዩ ላይ ቡናማ ፍርፋሪ ተነስንሶበታል። የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት መሰለን። አክስቴ አንዴ ጎረሱና ማኘካቸውን አቆሙ። ሹካውን አስቀምጠው ከፍርፋሪው አንዷን በጣታቸው ጫፍ አነሱ፤ ወደ መብራቱ አስጠግተው አዩዋት።

«ልጄ፣ ይሄ ሥጋ ነው።»

ሥጋ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የተፈጨ አሳማ ነው። አክስቴ ክፉ አልተናገሩም። ሳህኑን በቀስታ ገፋ አድርገው የቀረውን ሰዓት ሻይ ሲጠጡ ቆዩ። እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤቱን አልወቅስም። ያ ምግብ በተለምዶ እንዲያ ነው የሚሠራው፤ ያልጠየቅነው እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ ግን ለቡድን ቤት ስመርጥ ከምግቡ አልጀምርም። ከመካከላችን ብዙ ነገር የማይበላው ማን ነው? ከሱ እጀምራለሁ። ሁሉን የሚበላ ሰው የትም ገብቶ ይጠግባል። ጾመኛው፣ አሳማ የማይነካው፣ ሀላል የሚፈልገው፣ ደረጃ መውረድ የማይችለው፣ ጋሪ ውስጥ የሚተኛው ሕፃን፤ ቤቱን የሚመርጡት እነሱ ናቸው።

«ለምን ኒውዮርክ ድረስ?» ለምትሉ፦ ዋሽንግተንም ቻይናታውን አላት። በ1986 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የተሠራው ባለ ብዙ ቀለም ቅስት 7ኛው ጎዳና አጠገብ ዛሬም ቆሟል። ከቅስቱ ሥር የቀሩት የቻይና ምግብ ቤቶች ግን ጥቂት ናቸው። ሩቅ ሳይሄዱ ጥሩ ቻይና መብላት ለሚፈልግ የኛ አካባቢ ሰው እዚሁ ሜሪላንድ ያለው ሮክቪል ይሻላል። የማንሃተኑ ሌላ ነገር ነው። ሰፈር ነው፤ ዓሣ ነጋዴው፣ መድኃኒት ቀማሚው፣ ፀጉር አስተካካዩ ሁሉ እዚያው ነው። ብዛት ላለው ሰው ደግሞ አንዱ ባይሆን ሌላው በእግር አምስት ደቂቃ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ቃል

ቻይንኛ ሜኑ ላይ «ሥጋ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ አሳማ ማለት ነው። የበሬ ወይም የበግ ሲሆን ነው የእንስሳው ስም የሚጨመረው። አሳማ ደግሞ እንደኛ ቅቤ ማጣፈጫም ይሆናል። ፎሶሊያው ላይ ይነሰነሳል፤ ማፖ ቶፉ የሚባለው የቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) ወጥ ውስጥ ይገባል፤ የሾርባው መረቅ ከአጥንቱ ይወጣል፤ የእንቁላል ታርቱ ሊጥ በስቡ ሊለወስ ይችላል። ስለዚህ «ሥጋ አለው?» ብላችሁ ብትጠይቁ አትክልት ላይ የተነሰነሰውን አስተናጋጁ ከሥጋ ላይቆጥረው ይችላል። ዘርዝሩ። አሳማ አለው? ስቡስ? መረቁ ከምንድን ነው?

ሁለተኛው ቃል ደስ ይላል። ካንቶኒዝ በሚባለው የደቡብ ቻይና ቋንቋ «ጃይ» ይባላል። የቡድሃ እምነት ተከታዮች ከሥጋና ከዓሣ ታቅበው የሚበሉት ምግብ ነው። ብዙ ሰው በጨረቃ አቆጣጠር በየወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ጃይ ይበላል፤ የኛ ረቡዕና ዓርብ በሉት። የሰፈሩ ነባር ቤቶች አብዛኞቹ የካንቶን ሰዎች ስለሆኑ «ሲክ ጃይ» ብትሉ፣ የጾም ነው የምበላው እንደ ማለት ነው። አነጋገራችሁ ቢጣመምም ፊታቸው ሲፈታ ታያላችሁ። ሜኑ ላይ «ሎ ሃን ጃይ» የሚለውን ፈልጉ፤ እንጉዳይ፣ ቶፉ፣ ጎመንና ስስ ፓስታ ያለበት ወጥ ነገር ነው። ሲያዙ ግን ኦይስተር ሶስ እንዳይገባበት፣ እንቁላልም እንዳይኖረው ተናገሩ። ኦይስተር የባሕር ፍጡር ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ሙግት እዚህ አልከፍተውም፤ አንድ ጠረጴዛ ሁለት ቦታ ሲከፈል አይቻለሁና።

ሙስሊም ወዳጅ አብሯችሁ ካለ፣ አሳማ የሌለው ማለት ሀላል ማለት አይደለም። ዶሮው እንዴት እንደታረደ አለ። ሻኦሺንግ የሚባል የሩዝ ወይን ደግሞ ብዙ ወጥ ውስጥ ጠብ ይደረጋል።

ጾመኛ ካለ፦ ቡድሃ ቦዳይ

ከሰፈሩ ሁሉ ለተቀላቀለ የሐበሻ ቡድን አንድ ቤት ምረጥ ብትሉኝ 5 ሞት ስትሪት ያለውን ቡድሃ ቦዳይን ነው። ምግቡ በሙሉ ከሥጋ ነፃ ነው። በዚያ ላይ ኮሸር ነው፤ በአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕግ ቁጥጥር ሥር ይሠራል። ይህ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። አሳማ በስብም በመረቅም አይገባም። ሽሪምፕና ኦይስተርም የለም። ጾመኛው፣ ሙስሊሙና «እኔ እንኳ ሁሉን እበላለሁ» ባዩ አንድ ሳህን ላይ እጃቸውን ያገናኛሉ። ስለ እንቁላል፣ ስለ ወተትና ስለ ወይን ግን እዚህም ጠይቁ፤ አትክልት ቤት ማለት የጾም ቤት ማለት አይደለም።

ጉድለቱ፦ «ዶሮ»፣ «ዳክዬ»፣ «በሬ» የሚሉት ስሞች። ከአኩሪ አተርና ከስንዴ የተሠሩ ናቸው። ሲታዩም ሲታኘኩም ሥጋ ናቸው። አንዳንድ ሰው ይማረካል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያኮርፋል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ጾም ካልሆነና ብዙ ከሆናችሁ፦ ክብ ጠረጴዛ ያላቸው የካንቶን ቤቶች

ልደት ነው፣ ምረቃ ነው፣ ከአገር ቤት እንግዳ መጥቷል። ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰው። ለዚህ የተፈጠሩት የድግስ ቤቶቹ ናቸው። መሀል ላይ የምትሽከረከር መስታወት ያላት ክብ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ሰው። ምግቡ መሀል ይቀመጣል፣ መስታወቷ ትዞራለች፣ ሁሉም ከአንድ ሳህን ያነሳል። መሶብ ጎማ ቢኖረው በሉት። ትልልቅ ሰዎቻችን ሌላውን ሁሉ ቢያሙ ይህቺን ጠረጴዛ አያሙም።

ሁለት ቤት ልጥቀስ። 100 አለን ስትሪት ላይ ኮንጂ ቪሌጅ አለ። ሰፊ ነው፤ ለብቻ የሚዘጉ ክፍሎች አሉት። ስሙን ያወጣለት ኮንጂ የሩዝ አጥሚት ነው፤ ጥርስ ላስቸገራቸውና ለሕፃናት ምቹ ነው፣ መረቁን ከጠየቃችሁ በኋላ። ሌላው 165 ኢስት ብሮድዌይ፣ ከኤፍ ባቡር ፌርማታ አፍ ላይ ያለው ዉስ ዋንተን ኪንግ ነው። የራስን ወይን ይዞ በመግባት የታወቀ ቤት ነው። ጠጪ ያለበት ቡድን ሒሳቡ ላይ ልዩነቱን ያየዋል። ብቻ ቀድማችሁ ደውሉና አሠራሩ እንዳልተለወጠ አረጋግጡ።

እነዚህ ቤቶች ለአንድ ጠረጴዛ የተቆረጠ የድግስ ሜኑ ያዘጋጃሉ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ዓይነት ምግብ በተራ ይመጣል። ቀዝቃዛው ይቀድማል፤ ሾርባው፣ ሎብስተሩ፣ ቆዳው እንደ ቆሎ የሚንኳኳ ዶሮ፣ ከነጭንቅላቱ በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ ይከተላል። ሩዝና ኑድል መጨረሻ ላይ ነው የሚመጡት። ይህን የማያውቅ ሰው «ሩዙ የታለ?» እያለ አስተናጋጁን ያስጨንቃል። ብርቱካን ተቆራርጦ ከመጣ ወይም ጣፋጭ የቀይ ባቄላ ሾርባ ከቀረበ አለቀ ማለት ነው።

የድግስ ሜኑ ዋናው ጥቅሙ ቀድሞ ስምምነት መኖሩ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ደውላችሁ «አሳማ ከጠረጴዛችን ይውጣ፣ በምትኩ የበሬ አድርጉልን» ማለት ትችላላችሁ። ወጥ ቤቱ በተጨናነቀበት በእሑድ ምሳ ሰዓት ተቀምጦ ይህንኑ ለማስረዳት ከመሞከር አንድ ስልክ ይሻላል።

ዓሣው ሲመጣ ጭንቅላቱ ወደ ክብር እንግዳው ይዞራል። አንዱ ወገን ሲያልቅ አይገለበጥም። በዓሣ አጥማጆች ዘንድ ጀልባ እንደ መገልበጥ ይቆጠራልና አጥንቱ ተነሥቶ ከሥር ያለው ይበላል። ሻይ የቀዳላችሁን ሰው በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጋችሁ ታመሰግናላችሁ። ማንቆርቆሪያው ሲያልቅ ክዳኑን ከፈት አድርጋችሁ ተዉት፤ ማንንም ሳትጠሩ ይሞላል። ይህቺን የክዳን ነገር ካወቅሁ በኋላ እጄን እያወዛወዝኩ መጣራት ትቻለሁ።

ሕፃናት ካሉና ጠዋት ከሆነ፦ ዲም ሰም

ዲም ሰም ትንንሽ ምግቦች ናቸው፤ በሦስት በአራት እየሆኑ በቀርከሃ ሰፌድ ይመጣሉ። ትልልቆቹ አዳራሾች ውስጥ ሴቶች ጋሪ እየገፉ በጠረጴዛዎቹ መሀል ይዞራሉ። ክዳኑን ያነሳሉ፣ እንፋሎቱ ፊታችሁን ይመታል፣ በጣት ትጠቁማላችሁ፣ ካርዳችሁ ላይ ማኅተም ይመታል። ሕፃን ይህን ትርኢት እያየ አያለቅስም። ምግቡ ስለማያስጠብቅም በተቀመጣችሁ በሁለተኛው ደቂቃ ልትበሉ ትችላላችሁ።

ለቡድን የማየው 18 ኢስት ብሮድዌይ ያለውን ጎልደን ዩኒኮርንን ነው። ከአንድ ፎቅ በላይ የያዘ ቤት ነው፤ አሳንሰር ስላለው ጉልበት ያመማቸውም ይወጣሉ። ቅዳሜና እሑድ ከረፋዱ አምስት ሰዓት በፊት ድረሱ። ከዚያ በኋላ ታች ቁጥር ይዞ መጠበቅ ነው።

በዚህ ዘርፍ ትልቁ ጂንግ ፎንግ ነበር። ኤሊዛቤት ስትሪት ላይ በረዥም ተንቀሳቃሽ ደረጃ ተወጥቶ የሚገባበት፣ ስምንት መቶ ያህል ሰው የሚይዝ አዳራሽ ነበረው። ኮሮናው ጎዳውና መጋቢት 2021 ላይ ተዘጋ። በዚያው ዓመት 202 ሴንተር ስትሪት ላይ እንደገና ተከፍቷል፤ ግን በጣም አነስ ያለ ነው። የድሮውን ፎቶ አይታችሁ ሠላሳ ሰው ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

አሁን ወደ ክፉው ወሬ። አሳማ ለማይበላ ሰው ዲም ሰም ፈንጂ የተቀበረበት ሜዳ ነው። ቢጫዋ፣ ከላይ የተከፈተችው ሲዩ ማይ አሳማ ናት። ነጩ ለስላሳ ዳቦ፣ ቻር ሲዩ ባዎ፣ ሆዱ አሳማ ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ የተጠበሰው የነጭ ራዲሽ ኬክ አትክልት ይመስላል፤ ውስጡ የአሳማ ቋሊማ ቁርጥራጭ አለበት። በሎተስ ቅጠል የተጠቀለለው የዶሮ ሩዝም እንዲሁ። ሃር ጋው ሽሪምፕ ናት፤ እሷም ብትሆን ስብ ሊገባባት ይችላል። ጋሪ የምትገፋዋ ሴት ስለ መረቅና ስብ የምታወራበት ጊዜ የላትም፤ ከኋላዋ ሌላ ጋሪ እየመጣ ነው። እኔ እንግዲህ ጥብቅ ሰው ያለበትን ቡድን ወደ ጋሪ ቤት አልወስድም።

አራት ሰው ብቻ ከሆናችሁና ታሪክ ከወደዳችሁ 13 ዶየርስ ስትሪት ያለው ኖም ዋ አለ። ከ1920 ጀምሮ የነበረ ቤት ነው። ጋሪ የለም፤ ወረቀት ላይ በእርሳስ ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ትኩሱ ይመጣል። ምን እንደምታዙ ማንበብና መጠየቅ ስለምትችሉ ከጋሪው ይሻላል። ግን ጠባብ ነው። መንገዱ ራሱ እንደ ክርን የታጠፈ ነው፤ በድሮ ጊዜ የወንበዴ ቡድኖች ይገዳደሉበት ስለነበር «ደም ያለበት ማዕዘን» ይባል ነበር። ይህን ለአክስቴ አልነገርኳቸውም።

የቀሩት፣ በአጭሩ

ዳክዬ፦ 28 ሞት ስትሪት ፔኪንግ ዳክ ሃውስ አለ። ዳክዬው ሙሉውን መጥቶ ዓይናችሁ እያየ ይቆረጣል። በስስ ቂጣ ላይ ቆዳው፣ ኪያሩ፣ ሽንኩርት ቅጠሉና ጣፋጩ ሶስ ተደርጎ በእጅ ይጠቀለላል። ጉርሻ ነው በቃ፤ እኛ ቤት ጠቅልሎ ለራሱ የበላ ሰው የለም። ለፍስክ ቀን፣ ለስድስት ለስምንት ሰው ግሩም ነው። ዳክዬ ሲባል ፊታቸው የሚጨማደድ ትልልቅ ሰዎች ግን ስላሉ አስቀድማችሁ አሰሙ።

ሾርባ ያዘለ ዳምፕሊንግ (በስስ ሊጥ የተቋጠረ ሙሌት)፦ 46 ባወሪ ያለው ጆስ ሻንጋይ በዚህ ስሙ ገኗል። ውስጡ ያለው ግን አሳማ ወይም አሳማና ሸርጣን ነው፤ ሾርባውም የሚሠራው ረግቶ ከቀዘቀዘ መረቅ ነው። ለአብዛኛው የኛ ቡድን አይሆንም። ዝነኛ ስለሆነ ብቻ አትሂዱ።

ምድር ቤቶቹ፦ 17 ሞት ስትሪት ዎ ሆፕ ከ1938 ጀምሮ ከደረጃው ሥር አለ። ርካሽ ነው፣ ሳህኑ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ምግቡ አሜሪካኖች የለመዱት ዓይነት ቻይና ነው። ከኮንሰርት ለሚወጡ ወጣቶች ጥሩ ነው። ጉልበት ለሚያማቸው ደረጃው ገደል ነው።

ቃሪያ የጠማው ሰው ዢያን ፌመስ ፉድስ ይግባ፤ በከሙንና በበርበሬ የተለወሰ የበግ ኑድል አላቸው። እንደኛ አዋዜ ያቃጥላል። ለቡድን መቀመጫ የለውም። በጋ ከሆነ ግን ከየቤቱ እየገዛችሁ መልበሪና ቤያርድ መገናኛ ላይ ያለው ኮለምበስ ፓርክ ተቀመጡ። ሽማግሌዎች የቻይና ቼዝ ይጫወታሉ፣ አንዳንዴ ማሲንቆ የሚመስል የቻይና መሣሪያቸውን ይገዘግዛሉ። ሁሉም የሚበላውን ይዞ ስለሚመጣ ጠብ የለም። አሥራ ሁለት ሰው በነፃ የሚቀመጥበት ቤት ከዚህ ሌላ አላውቅም።

ሒሳብ

ለክብ ጠረጴዛ በሰው አንድ ዓይነት አስቡ፤ አሥር ሰው ከሆነ ዘጠኝ ወይም አሥር ሳህንና ሩዝ። የኒውዮርክ ግብር 8.875 በመቶ ነው። 300 ዶላር ከበላችሁ ግብሩ 26 ዶላር ከ63 ሳንቲም፣ ቲፑ በ20 በመቶ 60 ዶላር፤ ድምሩ 386 ከ63። ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ነፍስ ወከፍ 32 ዶላር ግድም። ብዙ ቤት ከስድስት ወይም ከስምንት ሰው በላይ ከሆናችሁ ቲፑን ራሱ ደረሰኙ ላይ ይጨምረዋል፤ ሳታዩ ሁለቴ እንዳትሰጡ። ካሽ ብቻ የሚቀበል ቤት ዛሬም ስላለ ጥቂት ይዛችሁ ግቡ።

ማን ይከፍላል የሚለውን እናንተው ጨርሱት። «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ ወደ ገንዘብ ተቀባዩ የሚሮጥ ሰው በኛ ጠረጴዛ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤት ጠረጴዛ ሁለት የቻይና አባወራዎች ደረሰኝ ሲነጣጠቁ፣ አንደኛው የሌላኛውን እጅ ጠምዝዞ ሲይዝ አየሁና ልቤ አረፈ።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ከዚያ ምሳ እንደወጣን ሦስቱን ጾመኞች ይዤ ወደ ቡድሃ ቦዳይ ገሰገስኩ። «የት ነው የምትወስደኝ?» አሉኝ። «ሞት ስትሪት» አልኳቸው። ቆም አሉ። «አሳማ አብልተህኝ፣ ቀጥለህ ወደ ሞት?»

ገብተን «ዳክዬ» አዘዝኩ፤ ከአኩሪ አተር የተሠራውን። ሳህኑ ሲመጣ ቆዳው ሳይቀር ተጠብሶ ያብለጨልጫል። አክስቴ አዩት፣ አዩኝ። ሥጋ አለመሆኑን አስተናጋጁም ማለ፣ እኔም ማልኩ። «ባይሆንስ? በጾም ሥጋ የሚመስል ነገር ምን ያደርግልኛል?» አሉና ጎመኑን በሩዝ በሉ። ዳክዬውን ማንም ሳይነካው በሳጥን አስጠቅልለን ወጣን።

ማታ አውቶቡሱ ኒው ጀርሲን እያቋረጠ ነው፤ መብራት ጠፍቷል፣ ሰው ሁሉ ተኝቷል። ከኋላዬ የሳጥን ክዳን ቀስ ብሎ ሲከፈት ሰማሁ። ዞር አልኩ።

«ሥጋ አለመሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ነው» አሉ፣ አፋቸው ሙሉ ሆኖ።